ኬሞ የሚወስድ ውሻ ደሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት ይለካል ወይ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካንሰር የያዘው ውሻ የሚያስታምም ሰው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ አንድ ጥያቄ ያነሳል። «ዶክተር፣ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ስንት እንደደረሰ አይለካም?» ተገቢ ጥያቄ ነው። በየቀጠሮው ደም ይቀዳል፣ የውጤት ወረቀት ይወጣል፣ ወረቀቱ ላይ ግን የመድኃኒቱ ስም የለም። ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። የእንስሳት ሐኪም እንደመሆኔ ብዙ ጊዜ የሚቀርቡልኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤአቸዋለሁ። የውሻችሁን ሕክምና የሚወስነው በእጁ የሚያየው ሐኪም ነው። ይህን አንብባችሁ ብትሄዱ ግን ከሐኪሙ ጋር የምታደርጉት ወሬ ይቀላችኋል።

በደም ውስጥ ያለን መድኃኒት መለካት ሲባል ምን ማለት ነው?

ናሙና ተወስዶ በአንድ ሚሊሊትር ደም ውስጥ ስንት መድኃኒት እንዳለ ማየት ነው። ካነሰ አይሠራም፣ ከበዛ ይጎዳል፣ ስለዚህ ዶዙ ይስተካከላል። ሐሳቡ ይኸው ነው፣ ቀላል ነው። ግን እንዲጠቅም ሦስት ነገር መሟላት አለበት። በውሾች ላይ የተፈተነ «ከዚህ እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው» የሚባል ወሰን መኖር አለበት። ደሙ ላይ የሚታየው ቁጥር ዕጢው ላይ ከሚሆነው ነገር ጋር መገናኘት አለበት። ውጤቱም የሚቀጥለው ዶዝ ከመሰጠቱ በፊት መድረስ አለበት። አብዛኞቹ የኬሞ መድኃኒቶች እዚህ ላይ ይወድቃሉ።

ታዲያ የውሻዬ ኬሞ የማይለካው ለዚህ ነው?

አዎ፣ ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ዶክሶሩቢሲንን እንውሰድ። ሲሪንጁ ውስጥ ሲታይ ደማቅ ቀይ የሆነው መድኃኒት ነው። በደም ሥር ቀስ ተብሎ፣ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይሰጣል። ከገባ በኋላ ደሙ ውስጥ አይቀመጥም። አብዛኛው በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሰውነት ሴሎች ይገባና ዲኤንኤው ላይ ይጣበቃል። በማግስቱ ደም ብንቀዳ የምናገኘው እዚህ ግባ የማይባል ቁጥር ነው። ሥራው ግን ሴሎቹ ውስጥ ገና እየተሠራ ነው። እንግዳው ቤት ገብቶ በሩን ዘግቷል፣ እኛ መንገድ ላይ ቆመን እንቆጥራለን እንደማለት ነው።

ቪንክሪስቲንም ከደም ቶሎ ይወጣል። ሳይክሎፎስፋማይድ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። እንደተሰጠ አይሠራም፤ ጉበት ከለወጠው በኋላ ነው ሥራውን የሚጀምረው። ስለዚህ የተሰጠውን መድኃኒት ብንለካው እንኳ ጉበቱ ምን ያህሉን ወደ ሥራ እንዳሰማራው አይነግረንም።

የመሣሪያውም ነገር አለ። እነዚህን መድኃኒቶች በትክክል ለመለካት ሊኩዊድ ክሮማቶግራፊና ማስ ስፔክትሮሜትሪ የሚባሉ መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ። በብዛት የሚገኙት በምርምር ላቦራቶሪዎች ነው። በአንድ ክሊኒክ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው በአሥር ደቂቃ ውጤት የሚሰጡ ማሽኖች አይደሉም።

ለሰዎች እኮ ይለካል ሲባል ሰምቻለሁ?

ልክ ነው፣ ለጥቂት መድኃኒቶች። ሜቶትሬክሴት በጣም ከፍ ባለ ዶዝ ሲሰጥ የሰው ሐኪሞች በየቀኑ ደሙን ይለካሉ፤ ማርከሻውን ለስንት ጊዜ እንደሚሰጡ የሚወስኑት በዚያ ቁጥር ነው። ካርቦፕላቲን ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ የካልቨርት ቀመር የሚባል ስሌት አለ። የኩላሊትን የማጣራት አቅም ያይና ታማሚው በድምሩ ስንት መድኃኒት ደሙ ውስጥ እንደሚያገኝ አስቀድሞ ይገምታል። ውሾች ላይ ያን ያህል ከፍተኛ ሜቶትሬክሴት መስጠት የተለመደ አይደለም። ካርቦፕላቲንም በአብዛኛው በሰውነት ስፋት፣ ማለትም በገላው ቆዳ ስፋት፣ ነው የሚሰላላቸው።

እና ዶዙ ልክ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

የውሻው ሰውነት ራሱ ይነግረናል። ከሁሉም ጥያቄ ይሄኛውን በደንብ ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎችን ይመታል። ዕጢው እንዲህ ያለ ነው። የአጥንት መቅኔም እንዲሁ። መቅኔው ያለ ዕረፍት ነጭ የደም ሴል የሚያመርት ፋብሪካ ነው። ከነጭ የደም ሴሎቹ መሃል ኒውትሮፊል የሚባሉት ባክቴሪያን የሚዋጉ የፊት መስመር ወታደሮች ናቸው። ደም ውስጥ የሚቆዩት ለሰዓታት ብቻ ስለሆነ ፋብሪካው ሲደነቅፍ እጥረቱ በቀናት ውስጥ ይታያል። መድኃኒቱ መድረሱንና ምን ያህል እንደበረታ ከዚያ ይነበባል።

ቀኑ ወሳኝ ነው። ከአብዛኞቹ መድኃኒቶች በኋላ ኒውትሮፊል እጅግ ዝቅ የሚለው በ7ኛው ቀን አካባቢ ነው። ካርቦፕላቲን ግን ይዘገያል፤ ውሾች ላይ ከ10 እስከ 14 ቀን ድረስ ሊሄድ ይችላል። በ3ኛው ቀን የተቀዳ ደም «ሁሉም ሰላም ነው» ሊል ይችላል፣ እውነት ስለሆነ ሳይሆን ገና ስላልወረደ። ሐኪሙ «ማክሰኞ አምጡት» ካለ ማክሰኞ ማለቱ ነው። ሐሙስ ቢመች ይሻላል ከማለታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

ቁጥሮቹ ይህን ይመስላሉ። ቀጣዩ ዶዝ በሚሰጥበት ቀን ኒውትሮፊሉ በአንድ ማይክሮሊትር ከ1,500 በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ሕክምናው ለጥቂት ቀናት ይራዘማል። 2,000ን መስመር የሚያደርጉ ሐኪሞችም አሉ። ከ1,000 በታች ከወረደ ውሻው ደህና ቢመስልም አብዛኛውን ጊዜ መከላከያ አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌትም ይታያል። ከ75,000 በታች ከሆነ፣ አንዳንዱ ጋ ከ100,000 በታች ከሆነ፣ ይጠበቃል።

አንዲት ወርቃማ ፀጉር ያላት ትልቅ ውሻ ትዝ ትለኛለች። ሊምፎማ ለሚባለው የነጭ የደም ሴል ካንሰር የመጀመሪያውን ዶክሶሩቢሲን ከወሰደች በ7ኛው ቀን መጣች። ከመኪናው ዘላ ወረደች፤ ጭራዋ አያርፍም። የፊት እግሯ ላይ ለካኑላው (ደም ሥር ውስጥ ለሚገባው ቀጭን ቱቦ) የተላጨችው ቦታ ገና አልሸፈነም፤ በምላሷ ትነካካዋለች። ባለቤቷ «ይቺን አይተህ ነው ደም የምትቀዳው? ቁርሷን ጨርሳ ነው የመጣችው» አለኝ። ቀዳሁ። ኒውትሮፊሏ 700 ነበር። ሙቀቷን ለካሁ፣ 38.6። አንቲባዮቲክ ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በሳምንቱ ቁጥሩ ተመልሶ ወጥቶ ነበር። የሚቀጥለውን ዶክሶሩቢሲን በ20 በመቶ ቀነስንላት፣ ሁለተኛ እንደዚያ አልወረደባትም። ያን ቀን ዓይናችንን ብቻ አምነን ብንመልሳት ኖሮ ሁለተኛውን ዶዝ እንደ መጀመሪያው እንሰጣት ነበር።

ኒውትሮፊሉ ወረደ ማለት መድኃኒቱ በዝቶበታል ማለት ነው?

የግድ አይደለም። መጠነኛ መውረድ የሚጠበቅ ነው፤ መድኃኒቱ ቦታው እንደደረሰ ምልክት ነው። የእንስሳት ካንሰር ሐኪሞች የጎንዮሽ ጉዳትን ከ1 እስከ 5 በደረጃ ይከፍላሉ። ለኒውትሮፊል ሲሆን ከ1,000 እስከ 1,499 ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ከ500 እስከ 999 ሦስተኛ፤ ከ500 በታች አራተኛ። አንደኛና ሁለተኛ ላይ ብዙ ጊዜ ዶዙ አይነካም። አራተኛ ላይ ከደረሰ፣ ወይም ትኩሳት ከተጨመረበት፣ ቀጣዩ ዶዝ ከ20 እስከ 25 በመቶ መቀነሱ የተለመደ ነው።

ተቃራኒውም አለ። ቁጥሩ ፈጽሞ ንቅንቅ ካላለ አንዳንድ ሐኪሞች ዶዙን ትንሽ ከፍ ለማድረግ ያስባሉ። ባለቤቶች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ግን ያነሰ ዶዝም ጉዳት አለው። ዕጢውን ሳይገድል ያስለምደዋል።

በኪሎ ሳይሆን በስኩዌር ሜትር የሚሰላው ለምንድን ነው?

ሰውነት መድኃኒትን የሚያስወግድበት ፍጥነት ከክብደት ይልቅ ከሰውነት ስፋት ጋር ይቀራረባል ተብሎ ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ስፋቱ 0.47 ስኩዌር ሜትር ገደማ ነው። 30 ኪሎ የሆነው ደግሞ 0.98 ገደማ። ክብደቱ በሦስት እጥፍ ሲጨምር ስፋቱ የጨመረው በእጥፍ ብቻ ነው።

ስሌቱ ለትናንሽ ውሾች አይመችም። ዶክሶሩቢሲን ለትልቅ ውሻ በስኩዌር ሜትር 30 ሚሊግራም ነው። ይህንኑ 5 ኪሎ ለሆነ ውሻ ብናሰላ 9 ሚሊግራም ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ለትናንሾቹ በተለመደው በኪሎ 1 ሚሊግራም ስናሰላው ግን 5 ሚሊግራም ነው። እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ስለዚህ ውሻችሁ ትንሽ ከሆነ «በምኑ ነው ያሰላችሁለት?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ማንም አይቀየማችሁም።

በየቀጠሮው የሚመዘነውም ለዚህ ነው። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ የሚወስድ ውሻ የምግብ ፍላጎቱ ስለሚጨምር ይወፍራል፣ የታመመ ደግሞ ይከሳል። የወር በፊቱ ክብደት ለዛሬ ዶዝ አይሆንም።

የዘር ምርመራ አስፈላጊ ነው ተባልኩ። ከመድኃኒት መጠን ጋር ምን አገናኘው?

በጣም ይገናኛል። ፒ ግላይኮፕሮቲን የሚባል ፓምፕ አለ። መድኃኒትን ከሴል እየገፋ የሚያስወጣ፣ አንጎልን የሚጠብቅ፣ በሐሞት በኩልም የሚያስወግድ ነው። ፓምፑን የሚሠራው ዘረመል ኤም ዲ አር ዋን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2001 በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አንዳንድ ኮሊ ውሾች ከዚህ ዘረመል ላይ አራት ፊደል እንደጎደላቸው አገኙ። አራት ፊደል ብቻ። ፓምፑ ግን አይሠራም።

እንዲህ ያለ ውሻ ቪንክሪስቲን፣ ቪንብላስቲን ወይም ዶክሶሩቢሲን በመደበኛው ዶዝ ቢወስድ መድኃኒቱ ከሰውነቱ በቀላሉ አይወጣም። ለሌላ ውሻ ልክ የሆነው ለእሱ ከልክ በላይ ነው። ከ10 ኮሊዎች 7ቱ ገደማ ቢያንስ አንዱ የዘረመል ቅጂ የጎደለው ነው። የአውስትራሊያ እረኛ ውሻ፣ የሸትላንድ እረኛ ውሻና ከእነሱ የተዳቀሉም ይገኙበታል። ምርመራው ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ ተጠርጎ ወይም ከደም ይሠራል፤ በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ ይበቃል። ሁለቱም ቅጂ የጎደለው ውሻ እነዚህን መድኃኒቶች በግማሽ ገደማ ቀንሶ ይጀምራል። አንዱ ብቻ የጎደለው በሩብ ገደማ።

ስለ ደም ልኬት ከምጨነቅ በፊት እረኛ ዘር ላለው ውሻ ይህን ምርመራ አስቀድማለሁ። ጉዳት ከደረሰ በኋላ ከማወቅ ዶዙ ሳይሰጥ ማወቅ ይሻላል።

ዶክሶሩቢሲን ገደብ አለው የሚባለው ምንድን ነው?

ልብን ስለሚጎዳ ነው፤ ጉዳቱም ይጠራቀማል። የዛሬው ዶዝ ብቻ ሳይሆን እስከዛሬ የተሰጠው ሁሉ ተደምሮ ይቆጠራል። ብዙ ሐኪሞች በድምሩ በስኩዌር ሜትር ከ180 እስከ 240 ሚሊግራም ላይ ያቆማሉ። በ30 በ30 ሲሰጥ ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ማለት ነው። እንደ ዶበርማንና ቦክሰር ያሉ ለልብ ጡንቻ ሕመም የተጋለጡ ዘሮች ከመጀመሩ በፊት የልብ አልትራሳውንድ ይደረግላቸዋል፤ ለአንዳንዶቹ መድኃኒቱ ጭራሹኑ ይቀየራል።

እባካችሁ ድምሩን እናንተም ጻፉት። ሆስፒታል ብትቀይሩ፣ ከዓመት በኋላ በሽታው ቢመለስ፣ አዲሱ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ስንት ዶክሶሩቢሲን ወስዷል?» ብሎ ነው። «ብዙ ጊዜ» የሚለው መልስ አይጠቅመውም።

የጉበት፣ የኩላሊትና የሽንት ምርመራውስ?

መድኃኒቱ የሚወጣበትን በር ለማየት ነው። ካርቦፕላቲን በኩላሊት ይወጣል፤ ኩላሊት ከደከመ ደም ውስጥ ይቆያል፣ መቅኔውንም ይበልጥ ይጎዳል። ሎሙስቲን ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ እየተጠራቀመ ስለሚመጣ ኤ ኤል ቲ የሚባለው ኤንዛይም ከየዶዙ በፊት ይታያል። ሳይክሎፎስፋማይድ ሲፈርስ አክሮሊን የሚባል ነገር ይወጣዋል፣ እሱም ፊኛን ያቃጥላል። ለዚህ ነው መድኃኒቱን የወሰደ ዕለት ውኃ በደንብ ይጠጣ፣ ለሽንት ቶሎ ቶሎ ይውጣ የሚባለው። ሽንቱ ደም ከቀላቀለ፣ ወይም ጠብ ጠብ እያደረገ የሚያምጥ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቁ። በነገራችን ላይ፣ ዶክሶሩቢሲን በተሰጠ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሽንቱ ቀላ ቢል የመድኃኒቱ ቀለም ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ደውላችሁ አረጋግጡ።

መቼ ነው ታዲያ መድኃኒቱ ራሱ የሚለካው?

ብዙ ጊዜ የሚለካው የካንሰሩ መድኃኒት ሳይሆን አብሮት የሚሰጠው ነው። የአንጎል ዕጢ ያለበት ውሻ ብዙ ጊዜ ያንቀጠቅጠዋል፣ ስለዚህ ፌኖባርቢታል ይጀመርለታል። ይህ መድኃኒት ሦስቱንም መስፈርት ያሟላል። ወሰኑ በሰፊው የሚታወቅ ነው፣ በአንድ ሚሊሊትር ከ15 እስከ 35 ማይክሮግራም ገደማ። ከዚያ በላይ ሲሆን በጉበት ላይ ያለው አደጋ ይጨምራል። ከተጀመረ ወይም ዶዙ ከተቀየረ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ይለካል። ጉበት ከጊዜ ወደ ጊዜ መድኃኒቱን ማስወገድ ስለሚለምድ ዶዙ ሳይነካ ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ተለክቶ አይተውም።

ሌላው የመንቀጥቀጥ መድኃኒት ፖታሲየም ብሮማይድ ደግሞ ዘገምተኛ ነው። ደም ውስጥ ያለው መጠን እስኪረጋ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። ከጨው ጋርም ይጋፋል። የውሻው ምግብ ድንገት ጨው ከበዛበት ብሮማይዱ በሽንት ይወጣና መንቀጥቀጡ ይመለሳል። ጨው ከቀነሰ ቁጥሩ ይወጣል። ለውሻችሁ ብሮማይድ ታዞለት ከሆነ የምግብ ዓይነት ስትቀይሩ ለሐኪሙ ንገሩ።

ከካንሰር መድኃኒቶቹ መሃል በደም ልኬት ዶዙ የተጠናው ጥሩ ምሳሌ ቶሴራኒብ ነው፣ ፓላዲያ በሚባለው ስሙ የሚታወቀው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ለውሾች የማስት ሴል ዕጢ (የቆዳ ካንሰር ዓይነት) የተፈቀደ ክኒን ነው። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ዶዝ በየሁለት ቀኑ በኪሎ 3.25 ሚሊግራም ነው። ብዙ ውሾች በዚህ ዶዝ ተቅማጥና ትውከት ይበዛባቸዋል። ተመራማሪዎች ከዚያ ዝቅ ብለው፣ በኪሎ ከ2.4 እስከ 2.9 ሚሊግራም ሰጥተው ከ6 እስከ 8 ሰዓት በኋላ ደሙን ለኩ። አማካዩ በአንድ ሚሊሊትር ከ100 እስከ 120 ናኖግራም ሆኖ ተገኘ። ሥራውን ለመሥራት የሚፈልገው 40 ናኖግራም ነው ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ዝቅ ያለው ዶዝም ይበቃል ተባለ፤ ዛሬ ብዙ ሐኪሞች የሚያዙት እሱን ነው። ያኔ ከተለኩት ውሾች የተገኘው ዕውቀት ዛሬ ሳይለካ ለሚታከመው ውሻ ሆድ እፎይታ ሆኗል።

ውሻችሁ አዲስ መድኃኒት የሚፈተንበት ጥናት ውስጥ ከገባም በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ ደም ሊወሰድበት ይችላል። እዚያ የሚለካው መድኃኒቱ ራሱ ነው።

ደሙ ሲቀዳ ልብ የሚባል ነገር አለ?

ሰዓቱ። መድኃኒቱ ስንት ሰዓት እንደተሰጠና ደሙ ስንት ሰዓት እንደተቀዳ ሁለቱም ወረቀቱ ላይ መስፈር አለባቸው። ሰዓት የሌለው ቁጥር አይተረጎምም። የጠዋቱን ክኒን ሰጥታችሁ ኑ ወይስ ሳትሰጡ ኑ የሚለውንም ከመምጣታችሁ በፊት ጠይቁ።

ሌላ ሁለት ነገር፣ ለባለሙያ የሚመለከት ቢሆንም እናንተም ብታውቁት አይከፋም። ፌኖባርቢታል ሲለካ ውስጡ ጄል ያለው የደም ቱቦ ባይሆን ይመረጣል፤ ጄሉ መድኃኒቱን ይመጥና ቁጥሩን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። እንዲሁም መድኃኒት በተሰጠበት ካኑላ በኩል ደም አይቀዳም። ቱቦው ውስጥ የቀረች ጠብታ ውጤቱን ታበላሸዋለች። ሌላው እግር ላይ ሲወጋ «ለምን ሁለት ጊዜ ታሳምሙታላችሁ?» አትበሉ፣ ምክንያት አለው።

ውጤቱ «ደህና ነው» ይላል፣ ውሻዬ ግን ደህና አይደለም። የቱን ልመን?

ውሻውን። በፌኖባርቢታል ወሰን ውስጥ ሆኖ የሚያንቀጠቅጠው አለ፣ ከወሰኑ በታች ሆኖ ዓመት ሙሉ ደህና የሆነ አለ። ወሰን የተሠራው ከብዙ ውሾች ነው፣ እናንተ ቤት ያለው ደግሞ አንድ ነው። ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ምን እንደበላ፣ እንዴት እንዳደረ፣ ደረጃ ሲወጣ ያቆመበትን ቀን ንገሩት።

ሌላ መድኃኒት ወይም ቅጠላ ቅጠል ብሰጠው የኬሞውን መጠን ይቀይራል?

ሊቀይር ይችላል። ኬቶኮናዞል የሚባለው የፈንገስ መድኃኒት ያንን ፓምፕና የጉበት ኤንዛይሞችን ይይዛል፤ ቪንክሪስቲን አብሮ ከተሰጠ ሰውነት ውስጥ ከልክ በላይ ሊቆይ ይችላል። ፌኖባርቢታል በተቃራኒው ጉበትን ያፈጥናል። አብሮት የሚሰጠው ሌላ የመንቀጥቀጥ መድኃኒት፣ ሌቬቲራሴታም፣ ቶሎ እንዲወጣ ያደርገዋል። ለሕመም የሚሰጡ አንዳንድ ማስታገሻዎችን ከፕሬድኒሶሎን ጋር ማደባለቅ ጨጓራን ሊያቆስል ይችላል። የፓምፕ ችግር ላለበት ውሻ ደግሞ ቤት ውስጥ የተገኘ ሎፔራሚድ፣ ያ የተቅማጥ ክኒን፣ አንጎሉን ሊመርዘው ይችላል። ኬሞ ተቅማጥ ስለሚያመጣ ሰው በቅንነት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቅጠላ ቅጠሉንም ቢሆን ንገሩን። አንቆጣም። የምትሰጡት ለውሻው ስትሉ እንደሆነ ይገባናል፤ ብቻ እንወቀው።

ክኒኑን አስመለሰው። ድጋሚ ልስጠው?

አይሆንም። ምን ያህሉ ወደ ሰውነቱ እንደገባ አይታወቅም። ከተሰጠው ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ትውከቱ ውስጥ ክኒኑ ይታይ እንደሆነ አይታችሁ ደውሉ። ረስታችሁ ከሆነም እንዲሁ፤ የሁለቱን ቀን አንድ ላይ አትስጡ። የካንሰር ክኒን አይሰበርም፣ አይፈጭም፣ ያለ ጓንት አይያዝም።

ሽንቱ ውስጥ መድኃኒት ይኖራል? ልጆች አሉኝ።

ይኖራል፣ በትንሽ መጠን። ኬሞ የወሰዱ ውሾች ሽንት ተለክቶ ያውቃል። ቪንክሪስቲን ለጥቂት ቀናት፣ ዶክሶሩቢሲን ደግሞ እጅግ ባነሰ መጠን እስከ 21 ቀን ድረስ ሽንት ውስጥ ተገኝቷል። ብዙው የሚወጣው ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ነው። በእነዚያ ቀናት ልጆች የማይጫወቱበት ቦታ ይሽና፤ ቦታው በብዙ ውኃ ይታጠብ። ዓይነ ምድሩን በጓንት አንሱ፣ በሁለት ፌስታል ቋጥሩ። ቤት ውስጥ ከሸና ወይም ካስመለሰም በጓንት ይጠረግ። እርጉዝ ሴት፣ የምታጠባ እናትና ሕፃን ይህን ሥራ አይንኩ።

ማቀፍ ግን ይቻላል፣ ማሻሸትም። አንዳንድ ቤተሰብ ፈርቶ ውሻውን ለብቻው በረንዳ ላይ ያስረዋል። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም አያስፈልግም።

ቤት ውስጥ እኔ ምን ልከታተል?

ደብተር ያዙ፣ አንድ መስመር በቀን ይበቃል። መድኃኒቱና ሰዓቱ፣ የበላው፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ካለ ስንት ጊዜ፣ ሙቀቱ። ከዶክሶሩቢሲን ጋር ደግሞ ተኝቶ ሳለ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ። የተኛ ውሻ ትንፋሽ ከ30 በታች ነው የሚሆነው፤ እየጨመረ ከሄደ ልቡ ይታይ።

ሙቀት የሚለካው በፊንጢጣ ነው። የቴርሞሜትሩን ጫፍ ቅባት ቀብታችሁ ቀስ ብላችሁ አስገቡ፣ አንድ ሰው ጭንቅላቱን እያሻሸ ያናግረው። ጤነኛ ውሻ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ድረስ ነው። አፍንጫው ሞቀ ቀዘቀዘ የሚለው ልኬት አይደለም። ኒውትሮፊሉ በሚወርድበት ሳምንት ሙቀቱ 39.5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በተለይ ምግብ እምቢ ብሎ ከተኛ፣ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ። የትኩሳት ማስታገሻ አትስጡት፤ ምልክቱን ይሸፍነዋል፣ ለውሻ መርዝ የሆነም አለ። ደብተሩን ያዙና ውሰዱት። ለተረኛው ሐኪም መጀመሪያ የምትነግሩት «ኬሞ ላይ ነው፣ የወሰደው ይህ ነው፣ ዛሬ ይህን ያህልኛ ቀኑ ነው» የሚለውን ነው።